ትምህርት 12፦ የተደፈነው መሳቢያ

ዓላማ

ይህን ትምህርት ከጨረሳችሁ በኋላ ምክንያትንና ውጤትን ለይታችሁ ማስረዳት፣ የአንድን ሥራ ሂደት በቅደም ተከተል መግለጽና ከሥራ ጋር የተያያዙ ቃላትን በተገቢው ቦታ መጠቀም ትችላላችሁ።

ሀ. ከማንበባችሁ በፊት

የሚከተሉትን ጥያቄዎች በክፍል ውስጥ ተወያዩባቸው።

1. በአካባቢያችሁ ልብስ የሚታጠበው የት ነው? ውኃውስ ከየት ይመጣል?
2. አንድ ዕቃ ሲበላሽ በቤታችሁ በቅድሚያ ምን ይደረጋል?
3. በርሜሉን ሳያዘነብሉ ከውስጡ ነዳጅ በጎማ መቅዳት የሚቻለው እንዴት ነው?

ለ. ምንባብ

የራሃድ ወንዝ የሚነሣው ከጣና ሐይቅ በስተ ምዕራብ ከሚገኙት የኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች ነው። በኢትዮጵያ በኩል ሽንፋ እየተባለ ይጠራል፤ ድንበሩን ተሻግሮ ወደ ሱዳን ሜዳ ሲወርድ ግን ራሃድ የሚለውን ስም ይዞ ይጓዝና በመጨረሻ ከጥቁር ዓባይ ጋር ይቀላቀላል። በገዳሪፍ ግዛት የምትገኘው የሀዋታ ከተማ የተቆረቆረችው በዚሁ ወንዝ ዳር ነው። ወንዙ ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በክረምት ከተራራው የጠረገውን አፈር ተሸክሞ፣ ደፍርሶና ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ይወርዳል፤ በበጋ ግን ፍሰቱ ይቋረጥና ውኃው በየስርጉዱ አቁሮ ይቀራል። ስለዚህ በዚህ አገር ልብስ የሚያጥብ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚመለከተው ውኃውን ነው። የወንዙ ውኃ ጭቃ ይዞ ይመጣል። የጉድጓድ ውኃ ደግሞ ጥርት ያለ ቢመስልም፣ እንደ ከርሠ ምድሩ ዓለት ዓይነት ካልሲየምና ማግኒዚየም የተባሉትን ማዕድናት አሟሙቶ ሊይዝ ይችላል። እንዲህ ባለው ውኃ ሳሙና አላረፋ ይላል፤ ውኃው ሲፈላም በማንቆርቆሪያው ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይተዋል።

የልብስ ማጠቢያ ቦታ ለሚያስተውል ሰው ብዙ ትምህርት ይሰጣል። ኢትዮጵያውያን የፋብሪካ ሳሙና ከመምጣቱ በፊትም ሆነ ከመጣ በኋላ የእንዶድ ፍሬ እየቀጠቀጡ ልብሳቸውን ሲያጥቡ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዐድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ በወንዙ ውስጥ ብዙ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመለከቱ። ሌላ ሰው አይቶ የሚያልፈውን ነገር እሳቸው «ለምን?» ብለው ጠየቁ። ከዚህም ጥያቄ የተነሣ እንዶድ የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች የሚገድል መሆኑ ታወቀ። እሳቸውና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ለዚህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል።

«ለምን?» የሚለው ጥያቄ የሚጠቅመው ግን ለትልልቅ ግኝቶች ብቻ አይደለም፤ በአንድ ቤት ጓዳ ውስጥም እንጀራ ያድናል። ለምሳሌ በሀዋታ ኑሮዋን የመሠረተች አንዲት ኢትዮጵያዊት እናት ትታሰብ። ይህች ሴት ልብስ በማጠብ ከምታገኘው ገንዘብ ልጇን ታስተምራለች። በመጀመሪያ ስታጥብ የኖረችው በእጅዋ ነበር፤ በኋላ ግን ለብዙ ጊዜ ዕቁብ ጥላ ባጠራቀመችው ገንዘብ ያገለገለ የልብስ ማጠቢያ መኪና ገዛች። ደንበኞቿም በዙ፤ ልብሳቸው ንጹሕ ብቻ ሳይሆን ለስላሳና መልካም መዓዛ ያለው ሆኖ ይመለስላቸው ነበርና።

አንድ ቀን ግን አንድ ነጋዴ ነጭ ጀለቢያውን ይዞ ተመለሰና በደረቱ ላይ የሚታየውን ቅባት መሰል ነጠብጣብ አሳያት። ሴትዮዋ ደነገጠች። ገንዘቡን መልሳ፣ ጀለቢያውንም በእጅዋ እንደገና አጥባ ሰጠችው። በማግሥቱ የሌላ ደንበኛ አንሶላ እንዲሁ ተበላሸባት። የመኪናዋን መሳቢያ ስባ ብትመለከት የልብስ ማለስለሻው የሚጨመርበት ክፍል እስከ አፉ በውኃ ሞልቶ፣ ላዩ ላይ እንደ እርጎ የረጋ ነገር ሰፍፎበት አገኘችው። ምክር የጠየቀችው ሰውም መኪናዪቱ አርጅታለችና ሌላ መግዛት እንደሚሻል ነገራት። ሌላ መግዛት ማለት ግን የልጇን የትምህርት ወጪ መንካት ማለት ነበር።

ማታ ልጇ ከትምህርት ቤት ሲመለስ እናቱን ከመኪናዪቱ አጠገብ ተክዛ እንደ ተቀመጠች አገኛት።

«እማዬ፣ መኪናዋ አልዞር አለች እንዴ?» ሲል ጠየቃት።

«ትዞራለች፣ ልጄ።»

«ውኃስ ታስገባለች? እጣቢውንስ ታወጣለች?»

«ታስገባለች፤ ታወጣለችም። አልወርድ ያለው ይህ ማለስለሻ ብቻ ነው።»

«እንግዲያው መኪናዋ አላረጀችም። የተዘጋ መንገድ አለ ማለት ነው» አለ ልጁ።

እናትና ልጅ መሰኪያውን ከሶኬቱ ነቀሉ። መሳቢያውን እስከ መጨረሻው ስበው፣ ማቆሚያውን ጫን በማድረግ አወጡትና ይዘውት ወደ ጎረቤታቸው ሄዱ። ጎረቤታቸው በመተማና በገዳሪፍ መካከል ለረጅም ዘመን የጭነት መኪና ያሽከረከሩ ሽማግሌ ናቸው። የልብስ ማጠቢያ መኪና ጠግነው አያውቁም፤ ነገር ግን መሳቢያውን አገላብጠው ካዩ በኋላ ፈገግ አሉ።

«ይህችን ክዳን አንሣና ከሥሯ ያለውን ተመልከት» አሉት።

ልጁ ክዳኗን ወደ ላይ ሲስባት ከክፍሉ ወለል ላይ ቀጥ ብላ የቆመች አጭር ቱቦ ታየች። አፏ በነጭ ዝልግልግ ነገር ተደፍኗል።

«ጋሼ፣ ውኃው የሚወርደው በዚህች ከሆነ አፏ ለምን ከወለሉ ከፍ አለ? ቀዳዳው ታች ቢሆን አይሻልም ነበር?»

«ታች ቢሆንማ ማለስለሻው ገና ስትጨምሩት ፈስሶ ያልቅ ነበር» አሉ ሽማግሌው። «እኔ ከበርሜል ናፍጣ ስቀዳ የጎማውን አንድ ጫፍ በርሜሉ ውስጥ ነክሬ፣ ሌላውን በአፉ ላይ አሳልፌ ወደ ታች አወርደው ነበር። ናፍጣው አንዴ የበርሜሉን አፍ ተሻግሮ መውረድ ከጀመረ፣ የወረደው የቀረውን እየጎተተ ይፈስሳል። የዚህችም ሥራ ያው ነው፣ ልጄ።»

ሽማግሌው የተናገሩት ትክክል ነው። ይህ ዘዴ ሲፎን ይባላል። የልብስ ማጠቢያ መኪና መሳቢያ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ክፍሎች አሉት። አንዱ ለቅድመ እጥበት፣ ሁለተኛው ለዋናው እጥበት ሳሙና፣ በአበባ ምልክት የሚታወቀው ሦስተኛው ደግሞ ለማለስለሻ ነው። ማለስለሻው መግባት ያለበት ሳሙናው ከልብሱ ከወጣ በኋላ በመጨረሻው ማለቅለቂያ ላይ ስለሆነ እስከዚያ ድረስ በክፍሉ ውስጥ መቆየት ይኖርበታል። የሚያቆየውም የቱቦዋ ከፍታ ነው፤ ማለስለሻው ከቱቦዋ አፍ ዝቅ ብሎ እስካለ ድረስ አይወርድም። ጊዜው ሲደርስ መኪናዪቱ በክፍሉ ላይ ውኃ ትለቃለች። ውኃው ከፍ ይልና በክዳኗና በቱቦዋ መካከል ሽቅብ ወጥቶ የቱቦዋን አፍ ያልፋል፤ የወረደውም የቀረውን ስቦ ይወስደዋል። በመጨረሻ ከሥር ጥቂት ውኃ ቢቀር የተለመደ ነገር ነው፤ ብልሽት የሚባለው ክፍሉ ሞልቶ ሲቀር ነው። በክፍሉ ግድግዳ ላይ የሚገኘው የመጠን መስመርም ለጌጥ የተሰመረ አይደለም። ማለስለሻው ከመስመሩ አልፎ ከተጨመረ ሲፎኑ ጊዜውን ሳይጠብቅ ይጀምርና ማለስለሻው ከሳሙናው ጋር ይገናኛል።

መገናኘታቸው ለምን ይጎዳል? ማለስለሻ በአብዛኛው ከእንስሳት ሞራ ወይም ከዕፀዋት ዘይት የሚዘጋጅ፣ አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ያለው ቅባት ነክ ነገር ነው። በውኃ ውስጥ ያለ የጥጥ ጨርቅ አሉታዊ ሙል ስለሚኖረው ማለስለሻውን ስቦ ይይዛል፤ ክሮቹም በስሱ ተሸፍነው እርስ በርሳቸው አይሻከሩም። የልብስ ሳሙና ዋነኛው ክፍል ግን አሉታዊ ሙል አለው። ስለዚህ ሁለቱ ሲገናኙ ይያያዙና በውኃ የማይሟሟ ዝልግልግ ነገር ይሆናሉ። በነጋዴው ጀለቢያ ላይ የታየው ነጠብጣብ የመጣው ከዚሁ ነው። ቱቦዋ በመደፈኗ ማለስለሻው መውረጃ አጥቶ፣ ክፍሉን ሞልቶ ወደ ሳሙናው ይፈስስ ነበር።

እናትና ልጅ ወደ ቤታቸው ተመልሰው ሥራቸውን ጀመሩ። መሳቢያውንና ክዳኗን በለብታ ውኃ ለግማሽ ሰዓት ያህል ዘፈዘፉ። ውኃውን አላፈሉትም፤ የፈላ ውኃ ፕላስቲኩን ሊያጣምመው ይችላልና። የረጋው ነገር ሲለሰልስ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈገፈጉት፤ በቱቦዋም ውስጥ ቀጭን እንጨት አሳለፉ። እናቱ የሽቦ ቁራጭ ልታመጣ ብላ ነበር፤ ልጁ ግን ሽቦ ፕላስቲኩን እንደሚጭረው፣ በተጫረውም ቦታ ላይ ቆሻሻው ይበልጥ እንደሚይዝ ነገራት። ከዚህ ሁሉ በኋላ በክፍሉ ጥግ ላይ ጠጣር ነጭ ቅርፊት ቀረ። ይህም ውኃው የተወው የማዕድን ቅሪት በመሆኑ የሎሚ ጭማቂ ቀቡትና እስኪለቅ ጠበቁ።

በዚህ ጊዜ እናቱ ሥራውን ለማፋጠን ብላ የበረኪናውን ጠርሙስ አነሣች።

«እማዬ፣ ቆዪ! እንዳትጨምሪው!» አለ ልጁ እጅዋን ይዞ። «ሎሚው ገና አልታጠበም። በረኪና ከአሲድ ጋር ከተቀላቀለ ክሎሪን የተባለ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል። በኬሚስትሪ ትምህርት ተነግሮናል።»

እናቱም ጠርሙሱን ወደ ቦታው መለሰች። መሳቢያውን በብዙ ውኃ አለቀለቁት፤ መሳቢያው የሚገባበትን ጎድጓዳ ቦታም ላዩን ጭምር በእርጥብ ጨርቅ ጠረጉ። ሥራው ያለቀ መሰለ። ልጁ ግን አሁንም አንድ ጥያቄ ነበረው።

«ቱቦዋ ለምን አሁን ተደፈነች? እስከ ዛሬ በዚሁ ማለስለሻ ስታጥቢ አልነበረም?»

እናቱ ጥቂት አሰበችና፣ «ክረምቱ ከገባ ወዲህ መኪናዋ ውኃ ለመሙላት ብዙ ጊዜ ትወስዳለች» አለችው።

ልጁ ይህን ሲሰማ ቧንቧውን ዘጋ፤ ባልዲ ከሥር አድርጎም በመኪናዪቱ ጀርባ የተገጠመውን የውኃ ማስገቢያ ጎማ ፈታ። በመግቢያው አፍ ላይ ከጣት ጥፍር እምብዛም የማትበልጥ ወንፊት አለች። በፒንሳ ቀስ ብሎ ሲያወጣት ቀዳዳዎቿ በደቃቅ ቡናማ ደለል ተሞልተዋል። ከወንዙ ተስቦ የመጣው ውኃ ያወረደው የተራራ አፈር ነበር። የነገሩ ሁሉ መነሻ ያን ጊዜ ግልጽ ሆነ። ወንፊቷ በደለል በመታፈኗ የሚገባው ውኃ ቀጠነ፤ ውኃው በመቅጠኑ በክፍሉ ውስጥ ከፍ ብሎ የቱቦዋን አፍ ማለፍ አቃተው፤ ስለዚህም ማለስለሻው በየጊዜው ሳይወርድ እየቀረ፣ በሙቀቱም ውኃው እየተነነ ወፈረና ቱቦዋን ደፈናት። የቱቦዋ መደፈን ለነጠብጣቡ ምክንያት ቢሆንም ለደለሉ ግን ውጤት ነበር። ወንፊቷን ሳያጥቡ መሳቢያውን ብቻ አጽድተው ቢተዉት ኖሮ ያው ችግር ከጥቂት ሳምንት በኋላ ይመለስ ነበር።

ወንፊቷን አጥበው መለሷት፤ ጎማውንም አጥብቀው አሠሩ። መሳቢያውን ወደ መኪናዪቱ ከመመለሳቸው በፊት ግን ልጁ ክዳኗን እስከ መጨረሻው ተጭኖ ከገጠመ በኋላ ሙከራ አደረገ። መሳቢያውን በሳፋ ላይ ሳያዘነብል ይዞ በአበባው ክፍል ውስጥ በብርጭቆ ውኃ ጨመረ። ውኃው እስከ መስመሩ ሲደርስ አንዲት ጠብታ አልወረደም። ተጨማሪ ውኃ በፍጥነት ሲያፈስስበት ግን ሲፎኑ ጀመረና ውኃው ሁሉ እየተንዶቀዶቀ ወደ ሳፋው ወረደ። እናቱም ሳቀች።

በማግሥቱ በመጀመሪያ ያጠበችው የደንበኛ ልብስ አይደለም፤ የራስዋን ነጭ ነጠላ ነው። ነጠላው ያለ አንዳች ነጠብጣብ ወጣ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማለስለሻው ወፍራም ሲሆን በጥቂት ውኃ ታቀጥነዋለች፤ ከመስመሩም አታሳልፍም። ከእጥበት በኋላ መሳቢያው እንዲደርቅ ገርበብ አድርጋ ትተወዋለች፤ በየሳምንቱም አውጥታ ታለቀልቀዋለች። ራሃድ ሲደፈርስ ደግሞ ማንም ሳያስታውሳት ቧንቧውን ዘግታ ወንፊቷን ትፈትሻለች። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እንዲህ ያለው ጥንቃቄ ነው። ነጋዴውም ከጥቂት ጊዜ በኋላ ነጭ ጀለቢያውን ይዞ መጣ፤ በዚህ ጊዜ ግን የመጣው ለማሳጠብ ነበር።

ሐ. የቃላት ፍቺ

ማቆር - ውኃ ሳይፈስስ በአንድ ቦታ ተጠራቅሞ መቆየት
ደለል - ውኃ ጠርጎ የሚያወርደው ደቃቅ አፈር
እጣቢ - ልብስ ወይም ዕቃ የታጠበበት ቆሻሻ ውኃ
ማለቅለቅ - ሳሙናው እንዲወጣ በንጹሕ ውኃ ደግሞ ማጠብ
ዝልግልግ - ሲነኩት የሚሳብና የሚያሙለጨልጭ
ሞራ - የእንስሳት የሆድ ዕቃ ስብ
ለብታ - ትኩስም ቀዝቃዛም ያልሆነ ሙቀት

መልመጃ 1

ምንባቡን መሠረት በማድረግ የሚከተሉትን ጥያቄዎች በተሟላ ዓረፍተ ነገር መልሱ።

1. የራሃድ ውኃ በክረምትና በበጋ የሚለያየው በምንድን ነው?
2. ዶክተር አክሊሉ ለማ በዐድዋ ያዩት ነገር ምን ነበር? ወደ ምን ግኝትስ አደረሳቸው?
3. ልጁ መኪናዪቱ አላረጀችም ሊል የቻለው ምን ምን ጠይቆ ነው?
4. የቱቦዋ አፍ ከወለሉ ከፍ ያለው ለምንድን ነው?
5. ማለስለሻና ሳሙና መቀላቀል የሌለባቸው ለምንድን ነው?
6. በረኪናውን መጨመር አደገኛ የነበረው ለምንድን ነው?
7. ሴትዮዋ ከጥገናው በኋላ መጀመሪያ የራስዋን ነጠላ ያጠበችው ለምን ይመስላችኋል?

መልመጃ 2

«ቱቦዋ በመደፈኗ ክፍሉ ሞላ» በሚለው ዓረፍተ ነገር ውስጥ የቱቦዋ መደፈን ምክንያት፣ የክፍሉ መሙላት ውጤት ነው። የሚከተሉትን ጥንዶች «በ...»፣ «ስለ...»፣ «ስለዚህ» ወይም «ከዚህም የተነሣ» በሚሉት እያያዛችሁ አንድ አንድ ሐሳብ አድርጋችሁ ጻፉ።

1. ወንፊቷ በደለል ታፈነች። የሚገባው ውኃ ቀጠነ።
2. ማለስለሻው ከመስመሩ አለፈ። ሲፎኑ ያለ ጊዜው ጀመረ።
3. የጉድጓዱ ውኃ ማዕድን ይበዛበታል። ሳሙና አላረፋ አለ።
4. መሳቢያው ሳይደርቅ ተዘጋ። ሻገተ።

መልመጃ 3

የሚከተሉት የጥገና ደረጃዎች ቅደም ተከተላቸው ተዛብቷል። ምንባቡን ሳትመለከቱ አስተካክላችሁ ጻፉ።

ሀ. በብርጭቆ ውኃ ጨምሮ መሞከር
ለ. መሳቢያውን በለብታ ውኃ መዘፍዘፍ
ሐ. መሰኪያውን ከሶኬቱ መንቀል
መ. ክዳኗን እስከ መጨረሻው ተጭኖ መግጠም
ሠ. መሳቢያውን ስቦ ማውጣት
ረ. በጥርስ ብሩሽ መፈግፈግ

መልመጃ 4፦ ድርሰት

በቤታችሁ ወይም በአካባቢያችሁ የተበላሸ አንድ ዕቃ ምረጡ። በመጀመሪያው አንቀጽ የታየውን ችግር፣ በሁለተኛው አንቀጽ የችግሩን ምክንያትና ከምክንያቱ በስተኋላ ያለውን ሌላ ምክንያት፣ በሦስተኛው አንቀጽ ደግሞ ጥገናውን በቅደም ተከተል ጻፉ። የጻፋችሁትን ለጓደኛችሁ አንብቡለት፤ ጓደኛችሁ በሰማው ብቻ ሥራውን መሥራት የማይችል ከሆነ የጎደለውን ደረጃ ፈልጋችሁ ጨምሩ።